ፊት የሌለው ዋስ

ሰሞኑን አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አንብቤ ጨረስኩ። ሃያ አራት ገጽ ናት። የደራሲዋ ስም የለባትም። የተጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው፤ ባለቤቷ ግን ይርጋጨፌ ወረዳ ኢዲዶ የሚኖሩ፣ ጌዴኦፋና አማርኛ አሳምረው የሚናገሩ፣ እንግሊዝኛውን ለልጆቻቸው የተዉ የቡና ገበሬ ናቸው። ከአዲስ ሞተር ሳይክል ጋር የመጣች የዋስትና ደብተር ናት። በነጻ የተሰጠች ትመስላለች እንጂ ነጻ አይደለችም። ሻጩ ከጎረቤቱ ሱቅ አስበልጦ የሸጠላቸው «የኛ ዋስትና አለው» ብሎ ነው። ዋጋ የተከፈለበት ጽሑፍ ደግሞ ሂስ ይገባዋል።

እንደ ድርሰት ካየናት አጀማመሯ ግሩም ነው። በመጀመሪያው ገጽ ኩባንያው ለ12 ወር ወይም ለ12 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከደረሰው ድረስ፣ በፋብሪካ ጉድለት ለሚመጣ ብልሽት ሁሉ ኃላፊ ነኝ ይላል። አንባቢ ልቡ ይሞቃል። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ነገር ግን» ትመጣለች። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ያለው የ«ነገር ግን» ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ሰርቪስ በ500 ኪሎ ሜትር፣ ኩባንያው በፈቀደው ጋራዥ ካልተደረገ ዋስትናው የለም። ዘይቱ ኩባንያው ያዘዘው ካልሆነ የለም። ከልክ በላይ ከተጫነ የለም። ለውድድር ከዋለ የለም። ሌላ ሰው ሞተሩን ከፈታው ደግሞ ጭራሽ የለም። በመጀመሪያው ገጽ የተሰጠው በሃያ ሦስት ገጽ ተለቅሞ ይመለሳል።

«ለውድድር ከዋለ» የምትለዋ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። ኢዲዶ ውድድር የለም ማለቴ አይደለም። በለቀማ ወቅት እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ማጠቢያ ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ካደረ ጣዕሙ ይለወጣል፣ ቀማሽም ያውቀዋል። ስለዚህ ገበሬው ጆንያውን ከኋላ አስሮ፣ በጭቃ ዳገት ከዝናብና ከምሽት ጋር ይሽቀዳደማል። ደብተሯን የጻፈው ሰው ግን በሐሳቡ ያየው የራስ ቁር ያጠለቀ ወጣት በአስፋልት ሜዳ ሲዞር መሆን አለበት። ለነገሩ እውነቱ ይነገር፤ ሁለት ጆንያ ጭኖ ዳገት የወጣ ሞተር ሁሉ የተቃጠለው በፋብሪካ ጥፋት ነው ብዬ አልሟገትም። ባለሞተሮቻችንም ጨዋ አይደሉም፤ ዘይት ማየት የሚትዝላቸው ማስጠንቀቂያ መብራቱ ሲበራ ነው።

የኢዲዶው ሰው ሞተር የተቃጠለው በሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ሻጩ ዘንድ ደወሉ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ስላደረጉት እኔም ሰማሁ።

«ዘይት የሚቀይሩት የት ነበር አባባ?»

«ዲላ።»

«እኛ ጋራዥ ነው?»

«እናንተ ዲላ ጋራዥ የላችሁም እኮ ልጄ።»

«ልክ ነው፣ የለንም። አዲስ አበባ ነው ያለን። እንግዲያው ዋስትናው ወድቋል ማለት ነው አባባ።»

ልጁ ባለጌ አልነበረም። እንዲያውም «አባባ» እያለ ነበር የገደላቸው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ከዲላ አዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኢዲዶ ሲሆን ወደ 400 ይጠጋል። ለ500 ኪሎ ሜትሯ ሰርቪስ ሞተሩን እየነዱ ቢሄዱ፣ ደርሶ መልሱ 800 ነው። ሰርቪሱን አክብሮ ኢዲዶ የሚመለስ አዲስ ሞተር፣ ሌላ ሥራ ሳይሠራ፣ የቀጣዩን ሰርቪስ መንገድ ጀምሯል ማለት ነው። ይህን ቅድመ ሁኔታ ማሟላት የሚችለው አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ብቻ ነው። ሽያጩ ግን አዲስ አበባ ብቻ አልተባለም። ሲሸጥ አገር በሞላ ነው፤ ሲበላሽ ግን ቀለበት መንገድ ውስጥ ነው።

ከሁሉ የከፋችው ግን «ሌላ ሰው ከፈታው» የምትለዋ ናት። ሞተር ለምን እንደተቃጠለ የሚታወቀው ተፈቶ ነው። ከውጭ በማየት የሚነግርህ ጠንቋይ እንጂ መካኒክ አይደለም። ደብተሯ «ጉድለቱ የፋብሪካ መሆኑን አሳይ» ትላለች፤ ለማሳየት ስትፈታው «ፈትተሃል፣ ወድቋል» ትላለች። ሰውየው ዲላ ወስደው አስፈቱት። መካኒኩ ከዘይት ማጣሪያው ወንፊት ላይ በጣቱ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ጠርጎ አሳያቸው። «ይሄ ከፋብሪካው ነው፤ ዘይት ሳያሳልፍ ቢዬላውን በልቶታል» አለ። መካኒኩ ሊሳሳት ይችላል፤ ብናኙ የቃጠሎው ምክንያት ሳይሆን ውጤት ሊሆን ይችላልና። ኩባንያውም ሊሳሳት ይችላል። ልዩነቱ የመካኒኩን ስህተት የሚፈርደው ኩባንያው መሆኑ ነው፤ የኩባንያውን ስህተት የሚፈርደውም ራሱ ኩባንያው ነው።

በእኛ አገር ዋስ ሰው ነበር። «ዋስ ጥራ» ሲባል የሚመጣው ስም፣ ቤት፣ ፊት ያለው ሰው ነው። ነገር ሲበላሽ እሱ ይጠየቃል፤ ስለሚያፍርም ይሮጣል። በጌዴኦ ክርክር ሲነሳ ሽማግሌዎች ሶንጎ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከሳሽም ተከሳሽም እዚያው ይገኛል፣ ተያይቶ ይናገራል። የዋስትና ደብተር ቃሉን ከዋስ ወስዶ ፊቱን አስቀርቶበታል። ዲላ ገበያ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጠው ነጋዴ «ዋስትናው?» ሲሉት «እኔ አለሁ አይደል እንዴ!» ይላል። እንስቃለን። ነገር ግን እሱ ነገም እዚያው ሱቅ አለ፤ ሄደው ሊጮሁበት ይችላሉ።

ይህ የድሃ ገበሬ ጣጣ ነው፣ ባለጸጋውን አይነካም የሚል አንባቢ ካለ ወደ ሌላው ጫፍ እንሂድ። ፖርሽ 911 ጂቲ3 የምትባል መኪና አለች። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣችው ሞዴል 475 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ሞተሯ በደቂቃ እስከ 9 ሺህ ዙር ይዞራል። በ2014 መጀመሪያ ሁለቱ አውሮፓ ውስጥ በእሳት ተያያዙ። ኩባንያው ባለቤቶቹን «አትንዱ» አለ፤ ምርመራውም የቢዬላ ብሎን እየላላ ሞተሩን እንደሚሰብር አሳየ። ፖርሽ አልተከራከረም። 785ቱንም መኪኖች ሞተራቸውን አውጥቶ በአዲስ ተካ። ይህ የዋስትና ቆንጆ ፊት ነው።

ሌላ ፊትም አለው። በፖርሽ መኪኖች ውስጥ ያለው ኮምፒዩተር ሞተሩ ከልኩ በላይ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይመዘግባል። ካምቢዮው በእጅ በሚቀየርባቸው ላይ ተሳስቶ ከአምስት ወደ ሁለት የጣለ ሰው፣ ስህተቱ እዚያ ተጽፎ ይኖራል። ሞተሩ ሲሰበር መጀመሪያ የሚነበበው ያ መዝገብ ነው። ሰውየው በውድ ዋጋ የገዛው መኪና ምስክር ሆኖ ይቆምበታል። መዝገቡ ሐሰት አይናገርም፤ ግን የሚመዘግበው የነጂውን ጥፋት ብቻ ነው፤ ብሎኑን በፋብሪካ ያላላውን ሰው አይመዘግብም።

ታዲያ 785ቱን ምን አዳናቸው? ብዛታቸውና የእሳቱ ወሬ ነው። የበለጠ የሚያስተምረው ግን የሀዩንዳይ ጉዳይ ነው፤ እሷ የሩጫ መኪና አይደለችም፣ የሰፊው ሕዝብ ናት። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ 470 ሺህ ያህል ሶናታዎችን ጠራ። ክራንክ ሻፍቱ ፋብሪካ ውስጥ ሲቀረጽ የቀረ የብረት ፍርፋሪ የዘይት መተላለፊያውን እየደፈነ የቢዬላውን ብሮንዚና ያቃጥል ነበር። ሞተራቸው ተቃጥሎ ወደ ሻጭ የሄዱ ብዙ ባለቤቶች ግን የተጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ የዘይት መቀየሪያ ደረሰኝ። ያን ያላሟላ «ጥፋቱ ያንተ ነው» ተባለ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። የኩባንያው የራሱ ኢንጂነር የሚያውቀውን ይዞ ወደ አሜሪካ መንግሥት ሄደ። በ2020 ሀዩንዳይና ኪያ መኪኖቹን በጊዜው ባለመጥራታቸው በድምሩ 210 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ቅጣት ተቀበሉ። በቀጣዩ ዓመት ለኢንጂነሩ ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሮታ ተሰጠው።

ከዚህ የማየው ይህን ነው፦ የብዙ ሰው ብልሽት የኩባንያ ጥፋት ይሆናል፤ የአንድ ሰው ብልሽት የአንድ ሰው ጥፋት ሆኖ ይቀራል። ፍርፋሪው ያው ፍርፋሪ ነው። የሚለየው ማን እንደቆጠረው ነው። አሜሪካኖቹ አቤቱታ ተቀብሎ የሚቆጥር የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አላቸው። የኢዲዶው ሰው ግን ቡሌ ያለው ሞተር፣ ኮቸሬ ያለው ሞተር፣ በዚያው ወር በዚያው ዓይነት መቃጠሉን በምን ያውቃሉ? እያንዳንዱ ለብቻው ይደውላል፣ ለብቻው «አባባ» ይባላል፣ ለብቻው ሬሳውን ተሸክሞ መካኒክ ጋ ይሄዳል።

ሕግ የለም ወይ? አለ፤ ከደብተሯም ይሻላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ዋስ መሆኑን ይናገራል። ይህ ግዴታ የሚመጣው ከሕግ ነው፤ ደብተር ታተመም አልታተመም አለ። ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይውል ሳያድር ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ካስታወቀም በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ መክሰስ ይችላል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው። በስልክ እንጨቃጨቃለን፣ እንማጠናለን፣ አማላጅ እንልካለን፤ ቀን ያለበት አንዲት ደብዳቤ ግን አንጽፍም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ ማስቀየር ወይም ገንዘብ ማስመለስ ፈቀደ። ለጫማ ጥሩ ነው። ሞተር በ15 ቀን አይቃጠልም።

በነገራችን ላይ ጣጣው በነዳጅ ሞተር አያበቃም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለከል ገበያው ወደ ኤሌክትሪክ ዞረ። ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራው ቮልስዋገን አይዲ 6 አዲስ አበባ መንገድ ላይ ይታያል፤ ባትሪው ሲደክም ዋስትናው የሚጠየቀው በየትኛው አገር፣ በየትኛው ቋንቋ ነው? ሻጩን ሲጠይቁት «እሱ አይበላሽም» ይላል። ይህም አንድ ዓይነት ዋስትና ነው።

እኔን የሚያብሰለስለኝ ግን የኢዲዶው ገበሬ እሳቸው ራሳቸው ሻጭ መሆናቸው ነው። እሸታቸው ማጠቢያ ጣቢያ ሲደርስ አረንጓዴው ይለቀማል፣ የተንሳፈፈው ይለያል። ቡናው ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ ወደ ናሙና ሲደርስ የጠቆረችው ፍሬ፣ ነቀዝ የበላት ፍሬ፣ የተሰበረችው ፍሬ አንድ በአንድ ትቆጠራለች። ከዚያ ይቆላል፣ ይፈላል፣ ቀማሽ አፉ ውስጥ አንሸራሽሮ ይተፋዋል፣ ደረጃም ይሰጠዋል። ጉድለት ከተገኘ የሚቀነሰው ከገበሬው ነው። ገበሬው የዋስትና ደብተር የለውም፤ «ነገር ግን» የምትል ገጽም የለችውም። «የጀርመኑ ቆይ ባልተፈቀደለት መጥበሻ አሳርሮት ነው» ብሎ መከራከር አይችልም። ገዢውን «ውሃው የት የፈላ ነው? ደረሰኝ አለህ?» ብሎ መጠየቅ አይችልም። ስለ ፍሬ ጉድለት ይህን ያህል ጠንቃቃ የሆነች አገር፣ ገበሬው በፍሬው ዋጋ በገዛው ብረት ላይ ሲሆን ዓይኗን ትጨፍናለች።

ለብቻው የሚሸጥ ገበሬ ዋጋ እንደማይሰማለት ጌዴኦ ቀድሞ አውቆታል፤ የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ቡናን በአንድነት የሸጡ ሰዎች ሞተርን በአንድነት እንዳይገዙ፣ ውሉን ከመፈረማቸው በፊት «ዲላ ጋራዥ ክፈት፤ ካልከፈትክ የዲላ መካኒክ የፈታውን ተቀበል» እንዳይሉ የከለከላቸው ሕግ የለም። መቶ ሞተር የሚገዛ ማኅበርን ሻጩ «አባባ» ብሎ አይሸኘውም።

ለዲላው መካኒክ ይህን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ያለውን፣ ያንኑ ሞዴል፣ በዘንድሮ የለቀማ ወቅት ብቻ ሲፈታ አራተኛው እንደሆነ ነገረኝ። የሞተሮቹን ቁጥር ጽፎ ይዞ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ምን ሊያደርግልኝ?» አለ፤ እጁን በቤንዚን እየታጠበ።