ነጩ ጋቢ ከላይ ሲታይ

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ይዘው ተኩሰዋል። በዚያ ጦርነት ከነበሩን ጥቂት ፀረ አውሮፕላኖች መካከል የስዊስ ሥራ የሆነው ባለ 20 ሚሊ ሜትር ኦርሊኮን ይገኛል። የብረት ሥራ የሚያውቅ ሰው ቢፈታታው ይደነቃል። በርሜሉ ላይ የተጠመጠመው ሞላ ከባዱን ተንሸራታች ብረት ወደፊት ይወነጭፈዋል፤ ጥይቱ የሚመታው ብረቱ ደርሶ ካረፈ በኋላ ሳይሆን ገና እየገሰገሰ ሳለ ነው። ፍንዳታው መጀመሪያ ያንን ግስጋሴ መግታት፣ ከዚያ መልሶ መግፋት አለበት። መቀርቀሪያውን የሚተካው የብረቱ ክብደትና የቅጽበቷ ልክ ነው።

ምን ዋጋ አለው፣ ቁጥሩ ከጣት አያልፍም። ሰማዩ በሙሉ የጠላት ሲሆን የትኛውን ተራራ ይሸፍናል?

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላው መከላከያ ነው። በጥቅምት 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ለዘማቹ ከሰጡት ምክር አንዱ ነጭ አትልበሱ፣ ተሰብስባችሁ አትቁሙ የሚል ነበር። የምክሩ ክብደት የሚገባው ጋቢን ቀረብ ብሎ ላየ ነው። ጥጡ ተፈልቅቆ፣ ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ስንት ምሽት ይፈጃል! ሸማኔው ድርና ማጉን አስማምቶ ይሠራዋል፤ ከዚያ አራት እጥፍ ሆኖ ይሰፋል። የፈታይዋ ሙያ የሚመሰገነው በፈትሉ ቅጥነትና በንጣቱ ነው፤ ለአብራሪው ዘማቹን የሚያጋልጠውም ያው ንጣት።

በምዕራብ ሸዋ ለመሰወር ደኑ አገዘ። የጊንጪው የጭሊሞ ደን ጥድና ዝግባ ነው፤ ከአምቦ በስተደቡብ ምዕራብ የጅባት ደን አለ። በጅባትና ሜጫ የተወለዱት ጃገማ ኬሎ 15 ዓመት ገደማቸው ሳለ አርበኝነት የገቡት በዚህ አገር ነው። «የበጋው መብረቅ» ያሰኛቸውም ድንገት መትቶ መሰወሩ ነው፤ አውሮፕላን ደግሞ ያላየውን አይመታም።

በ1932 ኢጣሊያ የማልታን ደሴት መደብደብ ስትጀምር የደሴቲቱ ሰዎችም ኖራ ድንጋዩን እየፈለፈሉ ገቡበት። ትንሹ ትልቁን ሰማይ ላይ ካልቻለው መጀመሪያ ዒላማውን ይነሳዋል።

ይህ ጥበብ ግን ልክ አለው። ከማይጨው የተመለሰው ሠራዊት አሸንጌ ሐይቅ ዳር ሜዳ ላይ ሲያዝ መደበቂያ ዛፍ አልነበረውም፤ ከላይ የተረጨው የመርዝ ጋዝም የጋቢ ቀለም አይለይም።