የገጸ ምድር ሞገድ፦ አጥፊ ብቻ ወይስ ምስክርም?

ስለ ርዕደ መሬት በሚሰጠው ትምህርት የገጸ ምድር ሞገድ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል፤ ዘግይቶ የሚደርስና ቤት የሚያፈርስ ሞገድ ነው ይባላል። አባባሉ ስሕተት የለበትም፤ ጉድለት ግን አለበት። ከስምጥ ሸለቆ ርቆ በሽንፋ ቆላ ለሚማር ልጅ ነገሩ የማይመለከተው የሩቅ አደጋ መስሎ ይታየዋል። ይህ ሂስ የሚያተኩረው በዚሁ አቀራረብ ላይ ነው።

እንደሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተፈረመው ስምምነት የኑክሌር ሙከራን በአየር፣ በጠፈርና በውኃ ውስጥ በመከልከሉ ፈራሚዎቹ ኃያላን ሙከራቸውን ወደ ከርሰ ምድር አዛወሩ። ፍንዳታውን ከተፈጥሮ ርዕደ መሬት ለመለየት ካስቻሉት ዘዴዎች አንዱ ይኸው የገጸ ምድር ሞገድ ነው። በርዕደ መሬት ጊዜ አለት በሰፊ ስንጥቅ ላይ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ አንዱ ውዝዋዜ 20 ሰከንድ ያህል የሚፈጅ ረጅም ሞገድ አጠንክሮ ያስነሳል። ፍንዳታ ግን በጠባብ ስፍራ፣ በቅጽበት፣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይገፋል። በመሬት ውስጥ ሰንጥቆ የሚያልፈው ሞገድ ከርዕደ መሬቱ ጋር እኩል ቢሆን እንኳ የገጸ ምድር ሞገዱ ደከም ይላል። መለያው የሁለቱ ሞገዶች ንጽጽር ነው።

ሆኖም ይህ መለያ እንደማይሻር ሕግ መሰጠት የለበትም። ሰሜን ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2009 ያደረገቻቸው ሙከራዎች በንጽጽሩ ወደ ርዕደ መሬት ወገን ተጠግተው በመገኘታቸው ባለሙያዎች የመለያውን ድንበር እንደገና መርምረዋል። ሳይንስ ራሱን የሚያርም መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

አገራችንም ከነገሩ ውጭ አይደለችም። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ የኑክሌር ሙከራን ለመከታተል ጭምር ካቋቋመችው ዓለም አቀፍ የርዕደ መሬት ጣቢያዎች መረብ አንዱ ነበር። ኢትዮጵያ ሙከራን ፈጽሞ የሚያግደውን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1996 ፈርማ በ2006 አጽድቃለች፤ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያለው የፉሪ ጣቢያም ከስምምነቱ ረዳት ጣቢያዎች አንዱ ነው።

እንግዲህ መሣሪያ የሌለው የሽንፋ መምህር ምን ያድርግ? የሚያስፈልገው የሁለቱን ሞገዶች መጠን ጎን ለጎን የያዘ ሠንጠረዥና ባለካሬ ወረቀት ብቻ ነው። ተማሪው ነጥቦቹን ራሱ አስፍሮ ሁለት ወገን ሲከፈሉ፣ ጥቂቶቹም ከድንበሩ ሲያመነቱ ያያል። ይህን ሠንጠረዥ በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ማካተት የእኛ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ድርሻ ነው። በእግሩ ሥር ሳይሰማው የሚያልፈው ሞገድ የሩቅ አገር ምስጢር ተሸክሞ እንደሚሄድ የተረዳ ተማሪ፣ ትምህርቱን የሌላ ሰው ጉዳይ አድርጎ አይቆጥረውም።