ድንኳኑ የት ይተከል?

በቡናው አገር ቤት የመሥራት ሐሳብ ወቅት አለው። ጅማም በሉት አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት፣ ለቀማው ደርሶ ዋጋው ደህና ከሆነ ቆርቆሮና ሚስማር ይጠየቃል። ዋጋው ከወደቀ “ለከርሞ ይሁን” ይባላል። ይኼ ለገበሬውና ለነጋዴው ነው። አንድ እግር ቡና የሌለው መምህር ወይም ልብስ ሰፊስ? ቡናው ወጣ ወረደ፣ እሱ ቤት ቤት ማለቱን አይተውም። “ሀብት ነው፤ ለልጅ ይወረሳል” ይላችኋል። እኔ ግን ከዚያ በፊት የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ይመስለኛል። ሰው ሲሞትብኝ ድንኳኑ የት ይተከላል?

አትሳቁ። ተከራይ እድር ይገባል፤ መዋጮውንም እኩል ይከፍላል። እናቱ ያረፈች ቀን ግን ለቀስተኛ ለመቀበል የሰው ግቢ ማስፈቀድ አለበት። ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ሐዘን ደጅ ይፈልጋል። አከራዩ ደግ ከሆኑ እሰየው! ካልሆኑስ? ሐዘኑ ሳያንስ ልመና ሊጨመርበት ነው። የዘወትሩንማ ተዉት፤ “ስንት ጄሪካን ቀዳችሁ? እንግዳው መቼ ነው የሚሄደው?” ልጅ ሲወለድ ኪራይ የሚጨምርም አለ።

ለዚህ ሐሳቤ ምስክሮቼ የቀበሌ ቤት ሰዎች ናቸው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነውን ቤቶች ለቀበሌ ሰጠ። የቀበሌ ተከራይ ባለቤት አይደለም። ጣሪያው ያፈሳል፤ የሚጠግነውም የለም። ነገር ግን በየወሩ “ልቀቅ” የሚለው ስላልነበረ ልጆቹን እዚያው ድሯል፤ ወላጆቹንም ከዚያው ደጅ ቀብሯል። ከእነሱ መካከል የማውቃቸው፣ ቤት የመሥራት ጥማት እንደ ግለሰብ ተከራይ ሲያንገበግባቸው አላየሁም።

ታዲያ የቤት ጥያቄ በተነሳ ቁጥር መልሱ ለምን የኮንዶሚኒየም ዕጣና የሊዝ ጨረታ ብቻ ይሆናል? በአዋጅ 721/2004 የመኖሪያ ቦታ ሊዝ 99 ዓመት ነው፤ ደመወዝተኛው ግን ጨረታውን መቼ ችሎት! የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለችግሩ ይቀርባል፤ ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ ነው ይላል። ሁለት ዓመት ትንሽ ናት። ቢሆንም ሥራ ላይ በዋለበት ከተማ ሁሉ፣ ተከራዩ ቢያንስ ነገ ዕቃው ደጅ ይወጣ እንደሆነ ሳያሰላ ይተኛል። ስለ ድንኳኑ ግን አሁንም ከአከራዩ ጋር መነጋገር ሊኖርበት ነው።