ራሱን ያጣ ቃል

የቃላትን ሥርው በመመርመር ብዙ ዘመን ስኖር፣ ከመምህራን ሁሉ ይልቅ ትዕግሥትን ያስተማረኝ «ዜኒዝ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ይኸውም በሥነ ፈለክ ሊቃውንት ዘንድ ከተመልካቹ ራስ በላይ ቀጥ ብሎ የሚገኘው የሰማይ ነጥብ የሚጠራበት ስም ነው።

ቃሉ ከዐረብኛው «ሰምት» መምጣቱን ባነበብሁ ጊዜ ልቤ ወዲያው ወደ ግእዙ «ሰማይ» ሮጠ፤ የምሥጢሩ መስማማት፣ የድምፁም መቀራረብ፣ ይልቁንም የሁለቱ ልሳናት ዝምድና አታለለኝና፣ ወንድሜን በባዕድ አገር ያገኘሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ዳሩ ግን ሥርወ ቃልን የሚመረምር ሰው እንደ ዳኛ ነውና፣ መልክ ተመሳሰለ ብሎ ዝምድና ሊፈርድ አይገባውም፤ ምስክር መጥራት አለበት። መዝገበ ቃላቱን ሳገላብጥ «ሰምት» መንገድ፣ አቅጣጫ ማለት እንጂ ሰማይ አለመሆኑን፣ ሙሉ ሐረጉም «ሰምት አር ራእስ»፣ የራስ አቅጣጫ፣ እንደ ነበረ ተረዳሁ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ12ኛው ምእት ዓመት የዐረብ የፈለክ መጻሕፍት በእስፓንያ ወደ ላቲን ሲመለሱ፣ ይህ ሐረግ በጉዞው ሁለት ጉዳት አገኘው። አንደኛው፣ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ሦስት እግር ያለው የላቲን «ኤም» ባለ ሁለት እግሩ «ኤን»ና ነጥብ ያልተደረገለት «አይ» ተደርጎ ስለ ተነበበ፣ «ሴምት» የነበረው «ሴኒት» ሆኖ መቅረቱ ነው፤ በፊደላችን የ«ለ» ቀኝ እግር ቢረዝም ግዕዙ ራብዕ እንደሚሆን የሚያውቅ የብራና አንባቢ በዚህ አይደነቅም። ሁለተኛው ግን «ራስ» የሚለው ቃል ከነአካቴው ተቆርጦ መውደቁ ነው። እንዲህ ተጎድቶ በፈረንሳይኛ በኩል ካለፈ በኋላ፣ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር በ1391 ገደማ ትንሹን ልጁን ሊያስተምርበት አስትሮላብ ስለ ተባለው የከዋክብት መለኪያ መሣሪያ ባዘጋጀው ድርሳን ውስጥ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይገኛል።

እኔ በቀረው ፊት ላይ የፈለግሁት ዝምድና፣ ለካ በወደቀው አካል ውስጥ ኖሯል፤ የዐረቡ «ራእስ»፣ የዕብራይስጡ «ሮሽ»፣ የግእዙም «ርእስ» በእውነት የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸውና። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ቃል ወደ ጠረጴዛዬ ሲመጣ፣ ማንን እንደሚመስል ከመመርመሬ አስቀድሜ፣ በመንገድ የጣለው ነገር እንዳለ እጠይቀዋለሁ።