የአባት አፍ፦ ስለ «ዘሩባቤል» ፊልም

ሽሙኤል በሩ እ.ኤ.አ. በ2008 የሠራው «ዘሩባቤል» ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄደ የአንድ ቤተ እስራኤል ቤተሰብ ታሪክ ነው። አባትየው መንገድ ጠራጊ ነው፤ ልጁ ግን የአየር ኃይል አብራሪ እንዲሆንለት ይመኛል። አንዳንድ ጓደኞቻችን «የኋላ ቀር አባት ግትርነት ነው» ይላሉ። እኛ አንስማማም።

እስቲ ቅራኔውን ከሥሩ እንየው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በ«ዘመቻ ሰሎሞን» ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ተጓዙ። በጎንደር ገጠር የአባት ቃል ሕግ ነበር፤ ጠብ ቢነሳም ሽማግሌ አለ። እስራኤል ሲገቡ ግን ዕብራይስጡን ቀድሞ የለመደው ልጅ ሆነ፤ ቢሮ ለቢሮ እየዞረ ለአባቱ የሚያስተረጉመውም እሱው። ታዲያ አፉን ከልጁ የተበደረ አባት እንዴት አድርጎ ይቆጣል? ሥልጣኑ ሲያልቅበት የቀረው ምኞቱ ነው፤ እሱኑ በልጁ ጫንቃ ላይ ይጭነዋል።

ፊልሙ ይህን ማሳየቱ ብርታቱ ነው። ነገር ግን ካሜራ ይዞ ሰፈሩን የሚቀርጸው የልጅ ልጁ ነው። የአዛውንቱን ነገር የሚያስረዳን አሁንም ወጣቱ ሆነ ማለት ነው፤ አስተርጓሚ እዚህም አልቀረለትም!

የሩቅ አገር ነገር አይምሰለን። እዚሁ ንፋስ ስልክና ላፍቶ፣ ከገጠር መጥቶ በዘበኝነት ልጁን እያስተማረ «ሐኪም ካልሆንክ!» የሚል ስንት አባት አለ! ፎርሙን የምንሞላለት እኮ እኛው ነን። መሟገቱን እንሟገተው፤ መጀመሪያ ግን በራሱ አፍ ይናገር።