የቮልስ እሳት፦ ከሰቆጣ እስከ ተከዜ

ሰቆጣ ላይ በጆሮ የተስተካከለ የቮልስ እሳት ተከዜ ወርዶ ያንኳኳል። ጣጣው ከአየሩ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ጥቂት ቢያልፍ ነው። ሲሊንደሩ ስስ አየር ስለሚስብ ቤንዚኑ ቀስ ብሎ ይቃጠላል፣ ፒስተኑ ላይ የሚያርፈው ግፊትም ይቀልላል። ስለዚህ ደጋ ላይ እሳቱን ከፋብሪካው መጽሐፍ ቁጥር ጥቂት ዲግሪ ቢያስቀድሙት ሞተሩ ይወደዋል፤ ዳገት ይደፍራል፣ አያጉረመርምም።

ያው መኪና ሰው ጭኖ ወደ ተከዜ ሸለቆ፣ ወደ ጽጽቃ ወይም ወደ ኒሯቅ ቆላ ሲወርድ ነገሩ ሌላ ነው። የተከዜ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ ከፍታው 1,140 ሜትር ነው። ከሰቆጣ እስከዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። አየሩ ከአሥር አንድ እጅ በላይ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይበረታል። ሲወርድ ሹፌሩ እግሩን ከቤንዚን ስለሚያነሳ ምንም አይሰማም። ጉዳቱ የሚመጣው በመልሱ ነው፤ ከሸለቆው ወለል ተነስቶ፣ ሞተሩ ግሎ፣ አቀበቱን በሁለተኛ ማርሽ ሲያያዘው።

ለዚህ ነው ደንበኛ ሲመጣ ኮፈን ከመክፈቴ በፊት የምጠይቀው።

«ጋሼ፣ ቆላ ይወርዳሉ?»

«አልፎ አልፎ፣ ለለቅሶ።»

«ሰው ጭነው?»

«ለለቅሶ ብቻውን የሚሄድ አለ እንዴ ልጄ?»

መልሱ ይህ ከሆነ እሳቱን የማስተካክለው ለዚያ ለቅሶ ነው። መኪናው በዓመት ሁለቴ እንኳ ቢወርድ፣ ፒስተን ለመብሳት አንድ አቀበት ይበቃል።

በሙያችን እሳት በጆሮ ማስተካከል እንደ ትልቅ ችሎታ ይቆጠራል። ዲስትሪቢውተሩን ላላ አድርጎ፣ ሞተሩን በሚኒሞ እያሠሩ፣ ድምፁ ሲያምር ማጥበቅ። በቮልስ ላይ ይህን አልቀበልም። ማንኛውም ሞተር በሚኒሞ እሳት ሲቀድምለት ዙሩ ይጨምራል፣ ድምፁም ይጠራል፤ ያ ውበት ጭነት ላይ ስለሚሆነው ምንም አይነግርም። በዚያ ላይ ቮልስ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። የፋኑ ጩኸት ማንኳኳቱን ይውጠዋል፣ ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ሹፌሩ ከፊት። ማንኳኳቱ ጆሮ እስኪደርስ ፒስተኑ ተጎድቷል።

ሥራው የሚጀምረው ሞተሩ የትኛው እንደሆነ በማወቅ ነው። አገራችን ውስጥ አካሉ የአንዱ፣ ሞተሩ የሌላው የሆነ ቮልስ ሞልቷል። ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ብሎኩ ላይ የተመታውን ቁጥር ቆሻሻውን ጠርጎ ማንበብ ነው። «ዲ» ብሎ ከጀመረ 1200 ነው፣ «ኤፍ» ከሆነ 1300፣ «ኤች» ከሆነ 1500። በተለመደው ዲስትሪቢውተር 1200ው ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ 10 ዲግሪ ሲቀረው፣ 1300ውና 1500ው ደግሞ 7.5 ዲግሪ ሲቀራቸው እሳት ይፈልጋሉ። ሁለት የቫኪዩም ቱቦ ያለው የኋለኛው 1600 ግን ጫፉን 5 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ሳያዩ ለሁሉም አንድ ቁጥር መስጠት ጉዳት ነው። ፑሊው ላይ ያሉት ጭረቶችም እንደ ዘመኑ ስለሚለያዩ፣ ጫፉን ራሴ ሳላገኝ ጭረት አላምንም።

ቀጥሎ ፑንቲናው። ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከእሳቱ በፊት፣ ሁልጊዜ። ክፍተቱ ሲሰፋ እሳቱ ይቀድማል፣ ሲጠብ ይዘገያል። እሳቱን አስተካክሎ ፑንቲና የሚነካ ሰው ሥራውን አፍርሶታል።

ከዚያ የምፈልገው አንድ አምፖል ብቻ ነው፤ ለ6 ቮልት መኪና የ6፣ ለ12 የ12። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ፑሊውን በእጅ እያዞርኩ ጭረቱን ከብሎኩ መገጣጠሚያ መስመር ጋር አገናኛለሁ። የዲስትሪቢውተሩን ክዳን አንስቼ ሮተሩ የዲስትሪቢውተሩ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ ጭረት ማየቱን አረጋግጣለሁ፤ እሷ የአንደኛው ሲሊንደር ናት። በተቃራኒው ካየ ተራው የሦስተኛው ነው፤ የእሳቱ ቅደም ተከተል 1፣ 4፣ 3፣ 2 ስለሆነ። የአምፖሉ አንድ ሽቦ ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢውተሩ በሚሄደው ቀጭን ሽቦ ላይ፣ ሌላው ከሞተሩ ብረት ጋር። ቁልፉ ይከፈታል። ዲስትሪቢውተሩን አምፖሉ እስኪጠፋ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ፀጉር በፀጉር ወደ ግራ። አምፖሉ በበራባት ቅጽበት ፑንቲናው ተከፍቷል፤ እዚያው ቡሎኑን ማጥበቅ። ሲጠብቅ ዲስትሪቢውተሩ አብሮ ይዞራልና ፑሊውን ሁለት ዙር አዙሬ ደግሜ አያለሁ። ለማጅ ወጣቶች የሚያልፉት ይህን ነው።

ዛሬ ብዙ ቮልስ ላይ የተገጠመው 009 የሚባለው ዲስትሪቢውተር ወይም ቅጂው ነው። የዚህ እሳት በሚኒሞ ሳይሆን ሞተሩ ከ3,000 ዙር ሲያልፍ መታየት አለበት፤ ከ28 እስከ 32 ዲግሪ፣ ከዚያ አይለፍ። ቅጂዎቹ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ስለማይታመን በስትሮብ መብራት ማየት የግድ ነው። ፑሊው ላይ የዲግሪ ምልክት ከሌለ ዙሪያውን በሲባጎ ለክቶ ለ12 ማካፈል፤ አንዱ እጅ 30 ዲግሪ ነው። ከጫፉ ጭረት ወደ ቀኝ ያንን ያህል ለክቶ ነጭ ቀለም መቀባት።

ሰቆጣ ላለችበት ለዋግ ደጋ የምሰጠው ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው፦ የመጽሐፉን ቁጥር አትጨምሩበት። ደጋ ላይ ትንሽ ጉልበት ይቀራል፣ ይቅር። የካርቡራተሩን ጄት ለስስ አየር ብሎ ማሳነስም ቢሆን ቆላ ለሚወርድ መኪና አይበጅም፤ አየሩ ሲወፍር ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል። እሳቱን አብዝቶ ማዘግየትም መድኃኒት አይደለም፤ የሚዘገይ እሳት የጭስ ማውጫውን ቫልቭ ያቃጥላል።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያሉት ቮልሶች የበለጠ ይጠገናሉ እንጂ አይጣሉም። ጥገና በባጃጅ የተማሩት ልጆች ግን እሳቱ በኤሌክትሮኒክስ ተወስኖ የመጣ ሞተር ነው የለመዱት። አምፖሉን ይዘው ራሳቸው እንዲያዞሩት አጥብቄ እፈልጋለሁ፤ የፑንቲናው መከፈትና የአምፖሉ መብራት አንድ መሆኑን ያየ ልጅ ዲስትሪቢውተር አይፈራም።

መኪናው ከቆላ ሲመለስ ደግሞ የሦስተኛው ሲሊንደር ካንዴላ ይፈታ። ከእ.ኤ.አ. 1971 ሞዴል በፊት በነበሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የፋኑን ነፋስ የሚከልለው እሱን ነው። ፋብሪካውም ይህን አውቆ በብዙዎቹ ዲስትሪቢውተሮች ላይ የእሱን እሳት ጥቂት ዲግሪ አዘግይቶታል። ካንዴላው ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ነጭ ሆኖ ደቃቅ የአሉሚኒየም ብናኝ ካረፈበት ፒስተኑ መበላት ጀምሯል፤ እሳቱ በአምፖል እንደገና ሳይታይ፣ ከቀደመም ወደ ቀኝ ሳይመለስ፣ ያ መኪና ወደ ተከዜ አይውረድ።