ፖስታው ለምን ይታሸጋል?

አዲስ የተቀጠረች ፋርማሲስት ባለፈው ሳምንት፣ «ሲስተር፣ ማን የትኛውን ሕክምና እንደሚያገኝ እጣውን ኮምፒውተር ካወጣው በኋላ ፖስታ ማሸጉ ምን ያደርጋል? እዚህ ሌባ አለ እንዴ?» አለችኝ። በዚህ ጉዳይ እኔን ማስጀመር አልነበረባትም።

ሌባማ አለ፤ ስሙ ርኅራኄ ነው። ወደ ምርምር ሥራ በገባሁ ሰሞን አብሮን የሚሠራ ደግ ሐኪም ተረኛውን ፖስታ ወደ አምፖሉ አንሥቶ ሲያይ ደረስኩበት። ወረቀቱ ስስ ስለነበር ይነበባል፤ የወጣው ነባሩ ሕክምና ነው። በር ላይ የተቀመጡትን በጣም የደከሙ እናት «ሐሙስ ይመለሱ» ብሎ ሸኘና ከኋላቸው የነበረውን ጠንካራ ጎረምሳ አስገባ። አዲሱ እንዲደርሳቸው ብሎ ነው። እንዲህ ከቀጠለ አዲሱ መድኃኒት የጸናባቸውን ሁሉ ተሸክሞ የማይረባ መስሎ ይወጣል።

ባልደረቦቼ «ሐኪሙም ታካሚውም የሚሰጠውን ካላወቁ ይበቃል» ይሉኛል። አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1948 የታተመውን የእንግሊዞቹን የሳንባ ነቀርሳ ሙከራ ተመልከቱ። ለማነጻጸሪያው ቡድን የውሸት መርፌ አልተወጋም፤ የአልጋ ዕረፍት ብቻ ነበር። የሙከራው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ብራድፎርድ ሂል አጥብቆ የያዘው ፖስታውን ነው፦ ከላይ የሆስፒታሉ ስምና ቁጥር ብቻ፣ የሚከፈተውም ታካሚው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ በማዕከሉ ቢሮ። በስድስት ወር ውስጥ ስትሬፕቶማይሲን ከወሰዱት 55 ሰዎች 4፣ ካልወሰዱት 52 ደግሞ 14 ሞቱ። ይህን ቁጥር የማምነው ስለ ፖስታው ነው።

ለታካሚ ሳስረዳ ከእቁብ እጀምራለሁ። ችግሩ እቁብ የወጣለት ማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል፤ እኛ ዘንድ ግን እድለኛው ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ለምሳሌ በአሜሪካ ሃርት አታክ አልፏቸው የልብ ምታቸው ለሚዛባ ሰዎች ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ ተሰጥተው ነበር። ምቱንስ አስተካከሉት። ግን ከ755ቱ 63 ሲሞቱ፣ ፕላሴቦ (የውሸት መድኃኒት) ከወሰዱት 743 የሞቱት 26 ናቸው። አዲሱ የደረሰው ሁሉ አልታደለም።

ያንን ሐኪም ዛሬም አልጠላውም። እናትየው ግን ሐሙስ አልመጡም፤ በማግስቱም፣ በሚቀጥለውም ሐሙስ። ነባሩ ሕክምና እንኳ ሳይደርሳቸው ቀረ። ስማቸው መዝገባችን ውስጥ የለም፣ እጣ አልወጣላቸውማ።

ልጄ፣ የአልሙኒየም ፎይሉ በሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው። ወረቀቱን በእሱ ጠቅልለሽ አሽጊው፤ ከዚያ አምፖል ሥር ይዘሽ ራስሽ ሞክሪው።